ለአሮጊቷ ነጭ አምፖል

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለፊውዝ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኔም እትዬሽም ደህና ነን፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን ዛሬም በሻይ ስኳር እንጣላለን። የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ለምን በስልክ አይነግረኝም ትይ ይሆናል። በስልክማ ሞከርን። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ ጋሼ።» «ሥራ እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው ጋሼ።» ከዚያ ሁለታችንም መስመሩ ተቋረጠ ብለን እንዘጋዋለን። መስመሩ ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፤ ወረቀት ላይ ሲያለቅሱ አይሰማም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አሮጊቷ መኪናዬ አለች። ጠዋት ቁልፉን ሳዞርባት አንዴ ታስላለች፣ ሁለቴ ታስላለች፣ ከዚያ ትነሳለች፤ እኔም ከአልጋ የምነሳው እንደዚያው ነው። የደከመው የክሩስኮቷ መብራት ነው። ከመሪው ፊት ያሉት ቆጣሪዎች፣ የፍጥነቱም የነዳጁም የሙቀቱም፣ ሲመሽ አይታዩኝም። የማዕዘኑ ባለ ጋራዥ «አሁን እኮ ኤልኢዲ የሚባል አምፖል አለ፤ የድሮውን አውጥተው እሱን ቢከቱበት ቀን ያስመስልልዎታል» አለኝ። እዚህ ብፈልግ ብፈልግ ለእሷ ልክ የሚሆን አጣሁ። አንቺ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሽቦ ስትፈትሺ የምትውይ ኤሌክትሪሺያን ሆነሽ ሳለ እኔ በጨለማ ልንዳ? ሰባት ላኪልኝ። ነጭ ይሁን። በጣም የሚያበራውን።

ለምን እንደምፈልገው ታውቂያለሽ። የሰኔው አውሮፕላን የሚያርፈው ሲመሽ ነው ብለሽኛል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ፣ በዚህችው መኪና። ስትወርጂ «ስመለስም የሚቀበለኝ ጋሼ ነው» ብለሽ በሩን ዘጋሽው፤ እኔም በመስኮቱ «ማን ሊሆን ኖሯል?» አልኩሽ። መጀመሪያ በሦስት ዓመት እመጣለሁ አልሽ፣ ከዚያ የመኖሪያ ወረቀቴ ሲያልቅልኝ አልሽ፣ አምና ደግሞ በሚመጣው ሰኔ አልሽ። ይኸው ሰኔ ስምንት ወር ቀረው። ቁርጡን ንገሪኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 9 ቀን

ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እትዬንም በደህና ያኑርልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለነፍሰ ኄር እናቴ ፎቶ፣ አንዴ ደግሞ በምሳ ሰዓት የሰው መኪና ሥር ተጋድሜ። እኔ ደህና ነኝ። አለቃዬን «ፀጥታው» እያልኩ ነው የምጠራው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አራት ቃል ቢናገር ነው፣ ከአራቱ ሁለቱ «እንደገና ፈትሺው» ናቸው።

አምፖሎቹን ወደ እናንተ በምትመጣ የሥራ ባልደረባዬ ልኬያለሁ፤ ጥጥ በተነጠፈባት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሰባት ብለውኝ ነበር፤ የባትሪዋን ቀይ መብራት ሳይቆጥሩ ነው። ስምንት ናቸው።

ነጭ ይሁን ብለውኝም ነበር። አረንጓዴ ነው የላኩት። ይቆጡኛል፤ ይቆጡ። ጋሼ፣ የአሮጊቷ ክሩስኮት ከተፈጠረች ጀምሮ አረንጓዴ ነው። ልጅ ሆኜ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ፣ እርስዎና እናቴ ከፊት ስታወሩ፣ ያ ብርሃን በእርስዎ አገጭ ላይና በእናቴ የጆሮ ጌጥ ላይ ይወርድ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደኝ በመጨረሻ የማየው እሱን ነው። እዚህ በቀን አሥር መኪና ይከፈትልኛል፤ ሰማያዊ የሚያበራ አለ፣ ብርቱካናማ አለ፣ የሆስፒታል ኮሪደር የመሰለ ነጭም አለ። አንዱም ቤቴ ቤቴ አይለኝም። ስመጣ ያንን አረንጓዴ ማየት ነው የምፈልገው፤ በጣም ነው የምፈልገው።

አሁን አደራ፣ በጥሞና ያንብቡልኝ። መጀመሪያ ባትሪውን ይንቀሉ። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል በየትም ቢያስገቡት የሚበራ አይደለም፤ ፊትና ኋላ አለው። የማይበራ ካጋጠመዎ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፤ አውጥተው አዙረው ይመልሱት። ስምንተኛዋ ግን ኤልኢዲ አይደለችም። የድሮው ዓይነት ባለ ክር የመስታወት አምፖል ናት፤ ቦታዋም የባትሪዋ ቀይ መብራት ነው። እሷን በሌላ እንዳይለውጡብኝ። ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በእሷ በኩል አልፎ በሚደርሰው ኃይል ነው፤ ኤልኢዲ ቆጣቢ ስለሆነ ለዲናሞው የሚበቃውን አያሳልፍለትም። ያኔ ባትሪው ሳይሞላ ይውልና አንድ ቀን መንገድ ላይ ያስቀርዎታል። የክሩስኮቱን ጀርባ ሥዬ ቀዳዳዎቹን ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። የባትሪዋ አምስት ቁጥር ናት፣ ከብቤባታለሁ።

ስለ ሰኔ እየሞከርኩ ነው። ፀጥታውን ፈቃድ ገና አልጠየቅኩትም። ቀኑን ስቆርጥ እነግርዎታለሁ።

የእርስዎው ፊውዝ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ለፊውዝ፣ ለማትታዘዘዋ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ ጆሮሽም ይከፈት። ነጭ ስልሽ አረንጓዴ! ፊውዝ ያልኩሽ ቶሎ ስለምትቃጠይ ነበር፤ ለካ የማትሰሚም ኖረሻል። ሳጥኗ በደህና ደርሳለች። እትዬሽ የጆሮ ጉትቻ የተላከላት መስሏት ቀድማ ከፈተቻት፤ እስከ ማታ ድረስ አኮረፈችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢያችን ጋራዥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ፣ ክሩስኮቱን ስቤ አወጣሁ፣ የፍጥነቱን ገመድ አላቀቅኩ፣ ጀርባውን ወደ እኔ አዞርኩት። እጄ ያውቀዋል፤ አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። አስገብቼ ሳበራው ሦስቱ ጨለሙ። እንዳልሽው አውጥቼ አዞርኳቸው፤ በሩ። እንደ እናትሽ ናቸው፤ በቀና በኩል ካልመጡባት ፊቷ አይበራም ነበር።

አረንጓዴው ጋራዡን ሞላው። እትዬሽን ጠራኋትና «ያምራል» አለች። እውነትም ያምራል። ልጅ ሆነሽ ከኋላ የተኛሽ መሰለኝና ዞሬ አየሁ። ባዶ ወንበር አይቶ የሚደነግጥ ሽማግሌ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ግን ልጄ፣ ነጩን ላኪልኝ። አረንጓዴው ለማየት ነው እንጂ ለማንበብ አይሆንም።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ገበያው ፊት ለፊት ቀጥ አለችብኝ። ቁልፉን ባዞር ባዞር ዝም። አራት ሰው ገፋኝ፤ አንዱ የድሮ ተሳፋሪዬ ነበርና «ድሮ እርስዎ ነበሩ እኛን የሚያደርሱን» እያለ ሳቀብኝ። ባትሪዋ አርጅታ ነው። እኔ ያዘዝሽኝን አንድ ሳላጎድል አድርጌያለሁ፤ የመስታወቷን አምፖል ከታች በግራ በኩል፣ ከቦታዋ ከትቻታለሁ።

ፀጥታውን ጠይቂው። በቀን አራት ቃል ያለው ሰው አንዷን «እሺ» ለማለት ቢያውላት አይደኸይም። ናፍቀሽኛል። በቃ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

አጎትሽ


ጥር 8 ቀን

ለጋሼ፤

በጤና በሰላም ያቆይልኝ። ዛሬ ቀልድ የለኝም፤ ቢኖረኝም ቀጥዬ ለምጠይቅዎ ነገር አይሆንም።

«ከታች በግራ» ብለውኛል። የባትሪዋ መብራት በግራ የምትሆነው ከወንበሩ ላይ ሆነው ከፊት ሲያዩዋት ነው። ክሩስኮቱን አውጥተው ጀርባውን ወደ ራስዎ ሲያዞሩት ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ የመስታወቷ አምፖል አሁን የምታበራው የነዳጁን ቆጣሪ ነው፤ በባትሪዋ ቦታ የተቀመጠው ደግሞ ኤልኢዲ ነው። ዲናሞው ሥራ ፈትቷል። ባትሪዋ ምስኪን አላረጀችም፤ የሚሰጣት ሳይኖር ስትሰጥ ስትሰጥ አለቀች። ሁለቱን ያቀያይሯቸው፣ ትድናለች።

ይህን የመሰለ ስህተት ማንም ይሳሳታል፤ እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ተሳስቻለሁ። ግን ሥዕል ልኬልዎ ነበር። አምስት ቁጥርን ከብቤባት ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ የመንገድ ምልክት ዘልለው የማያውቁ ሰው እንዴት ሥዕሉን ሳያዩ ሠሩ? ይህን ሳስብ ቆየሁና ደብዳቤዎችዎን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የጥቅምቱ ሁለት ገጽ ነው። የታኅሣሡ አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ በየገጹ ስድስት መስመር፣ ፊደሉ የሱቅ ታፔላ ያህላል። መጀመሪያ ሲደርሰኝ እየሳቅኩ ነበር ያነበብኩት። ሁለተኛ ሳነበው አልሳቅኩም።

ጋሼ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው? መልሱን ሳይነግሩኝ ነጩን አምፖል አልልክም።

ሰኔ ደግሞ የሚሆን አልመሰለኝም። ፀጥታው በሰኔ ሰው ይጎድላል ብሎኛል። ምናልባት መስከረም።

ፊውዝ


መጋቢት 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ሁለት ወር ተኩል ዝም ያልኩሽ እጄን አሞኝ ነው። አሁንም እኔ እናገራለሁ፣ እትዬሽ ትጽፋለች። የባትሪዋን አምፖል ከባለ ጋራዡ ጋር ሆነን ወደ ቦታዋ መልሰናታል፤ ዲናሞው መሙላት ጀምሯል። ስለ ዓይኔ ለጠየቅሽኝ ደህና ነው። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ደህና ነው። መስከረም ማለትሽንም ሰምቻለሁ። እሺ፣ መስከረምም ወር ነው። ነጩን አምፖል ግን ላኪልኝ። ነጥብ።

ልጄ፣ ከነጥቡ ወዲህ ያለው የእኔ የእትዬሽ ነው። እሱ «ነጥብ» ብሎኝ ወጥቷል።

ዓይኔን ግንባር ያርገው ሲል ብዕሩን አስቀመጥኩት። በስንት ነገር መማል ይችል ነበር! እጁን ምንም አላመመውም፤ ዓይኑ ነው። ሐኪሙ እንደነገረን እይታው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው፤ አሁን በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነው። መሃሉም ደብዝዟል። ጠብታ ይጨምራል፤ ጠብታው ያለውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ሐኪሙ «አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ያነሰ» አለ። በየካቲት የግቢያችንን በር ዓምድ ገጭቶ ስፖኪዮዋን ሰበራት። ለጎረቤት «ገጩኝ» ብሎ አወራ። እንግዲህ ዓምዱ ነው የገጨው።

ከዚህ የባሰብኝን ልንገርሽ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጋራዥ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ሞተሩን ሳያስነሳ መብራቷን አብርቶ ይቀመጣል። መርፌዎቹን ለማንበብ ነው። ከዚያ ይጠራኝና «ነዳጁ ስንት ላይ ነው?» ይለኛል። «ግማሽ» እለዋለሁ። «እኔም ግማሽ ነው ያልኩት» ይላል። አንዳንድ ቀን ሳይጠራኝ ይወጣል፤ ያን ቀን ሻዩን አቀርብለትና ስኳሩን እሱ ባለው መጠን እጨምርለታለሁ።

አንቺን ከአውሮፕላን ማረፊያ ሳላመጣ ዓይኔ አይጠፋም ብሎ ከራሱ ጋር ተወራርዷል። አንቺ ወር በጨመርሽ ቁጥር እየተበላ ነው። አልወቅስሽም፤ አውቀሽ ቅሪ ብዬ እንጂ።

እትዬሽ


ሚያዝያ 16 ቀን

ለጋሼ፤

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ። ይህን የሚያነቡልዎ እትዬ መሆናቸውን አውቃለሁ። እትዬ፣ አንድም ቃል እንዳይዘሉ። ጋሼ፣ እሳቸው ከነጥብዎ በታች ጨምረው ጽፈውልኛል፤ አይቆጧቸው።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ያላየሁት እኔ ነኝ። ነጭ እያሉ ሲለምኑኝ አረንጓዴውን የላኩት ለራሴ ብዬ ነው። እርስዎ ሊነዱበት የፈለጉትን መብራት እኔ ልተኛበት ላኩት። ይቅር ይበሉኝ።

ሌላም አለ። ፀጥታው በሰኔ ሰው ይጎድላል አላለኝም፤ ጠይቄውም አላውቅም። እናቴ የሞተች ጊዜ ወረቀት አልነበረኝም፣ ሳልመጣ ቀረሁ። በኋላ ወረቀቱ ሲመጣ ፊት አጣሁ። እህትዎን እርስዎ ብቻዎን ሸኝተው፣ እኔ ከስንት ዓመት በኋላ ሻንጣ እየጎተትኩ በየትኛው ፊቴ ልግባ? በሩን ማን ይከፍትልኛል? ይህን እያሰብኩ ዓመቱን ወደ ፊት ገፋሁት፣ ደግሜ ገፋሁት። የሚባክነው የእኔ ዓመት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእርስዎ መሆኑን አላሰብኩም ጋሼ፤ እውነቴን ነው፣ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ትናንት ጠየቅኩት። «መቼ?» አለኝ። «ሰኔ 6» አልኩት። «ሂጂ» አለኝ። ይኸው ነው፤ ለዚህ ለሁለት ቃል ነው ስንት ዓመት የፈራሁት። ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ነጮቹንም ልኬያለሁ፣ ከእነሱ በላይ የሚያበራ በሱቃችን የለም።

አሁን የሚያስቆጣዎትን ልናገር። አይንዱ። ሊቀበሉኝ በአሮጊቷ ይምጡ፣ ግን ባለ ጋራዡ ያምጣችሁ። ከዚያ ወደ ቤት የምነዳው እኔ ልሁን። መሪዎን ለሰው ሰጥተው እንደማያውቁ አውቃለሁ፤ እናቴ እንኳ ስትለምንዎ ከልክለዋታል። እምቢ ቢሉኝም አልቀርም፣ በታክሲም ቢሆን እመጣለሁ። ግን እምቢ አይበሉኝ።

ፊውዝ


ግንቦት 21 ቀን

ለልጄ፤

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ አውሮፕላንሽን የሚያበሩትን ሰዎች ዓይን ይባርክ። ይህን ራሴ ነኝ የምጽፈው። መስመር በመስመር ላይ ቢወጣብሽ ታገሺኝ።

ደብዳቤሽ የተነበበልኝ ቀን ተቆጣሁ። «አሁን ደግሞ እንደ ሻንጣ ተጭኜ ልሂድ?» ብዬ በእትዬሽ ላይ ጮህኩ፤ እሷ ምን አደረገች? አምስት ቀን አኮረፍኩ፤ የሚያባብለኝ ሲጠፋ ተውኩት።

ከዚያ ነጮቹን ከባለ ጋራዡ ጋር አስገባናቸው። ብቻዬን ልሁን አልኩና በሩን ዘጋሁ፣ አበራሁ። መርፌዋን አየኋት። ቁጥሯን ግን አላየሁም። ጠጋ አልኩ፣ ራቅ አልኩ፣ አንዱን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አላየሁም። በጣም የሚያበራውን ላኪ ብዬሽ ላክሽልኝ፤ ከዚህ ወዲያ የቀረው የአምፖሉ ጉዳይ አይደለም። ልጄ፣ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ መጻፌ ነው።

ነጩ ግን እንዳለ ይቆይ። የምትነጂው አንቺ ነሽ፤ በደንብ ይታይሽ።

ስለ እናትሽ እንዲህ ብለሽ ሁለተኛ እንዳትጽፊ። ብቻዬን አልሸኘኋትም፤ ሰፈሩ ሁሉ ነበር፣ ያንቺንም መቅረት እንደ ጥፋት የቆጠረው አልነበረም። በመጨረሻው ሳምንት «ልጄ ትመጣለች?» ብላኝ «ትመጣለች» አልኳት። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። ስለዚህ ገና አልዋሸሁም፤ ሰኔ 6 ስትገቢ እውነት ተናግሬ ነበር ማለት ነው። በሩን ማን ይከፍትልኛል ላልሽው፣ እትዬሽ ከአሁኑ ማጠፊያውን ዘይት ቀብታዋለች።

የሹፌሩ ወንበር በእኔ እግር ልክ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ስለተለጠጠ ሐዲዱ ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር። ዘይት አጠጣሁት፣ በመዶሻ መታ መታ አደረግኩት። አንቺና እትዬሽ በቁመት ትተካከላላችሁና እሷን መሪው ፊት አስቀመጥኳት። እግሯ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ሳብኩት። «ትንሽ ቀረ» ትላለች፣ እስባለሁ፤ «አሁን በዛ» ትላለች፣ እመልሳለሁ። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅንበት። ባለ ጋራዡ ቁመተ ረጅም ነው፤ አንቺን ልንቀበል ሲነዳን ጉልበቱ መሪውን ቢነካም እንደዚያው ይነዳል፣ ነግሬዋለሁ።

ይህን ያደረግነው የዛሬ ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን አልነካሁትም።

አጎትሽ